ሁለት ንጹሓን፣ አንድ ጥፋት፦ የሚያብጠው ኮንክሪት ታሪክ

ድልድይ ሲሰነጠቅ፣ ግድግዳ ሲተረተር በእኛ አገር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሆነ?» አይደለም፤ «ማን በላው?» ነው። ሲሚንቶው በሌሊት ተሽጧል፤ ብረቱ ተቀንሷል፤ ተቆጣጣሪው ኪሱን ሞልቷል። ጥርጣሬው ከሜዳ አልመጣም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ማንም ምንም ስላልሰረቀበት ጥፋት ነው። ሲሚንቶው ደረጃውን ያሟላ ነበር። ድንጋዩ ጠንካራ ነበር። መሐንዲሱ ጠንቃቃ፣ ሠራተኛውም ታማኝ ነበር። ሁሉም ፈተናውን አልፏል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ኮንክሪቱ ከውስጥ ማበጥ ጀመረ። አዎ፣ ማበጥ! ድንጋይ የሆነ ነገር እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል አስቡት። የሚኩፈው ግን በሰዓታት ሳይሆን በአስርት ዓመታት ነው፤ ሲኩፍም ራሱን እየቀደደ ነው።

ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ያልን ይመስላል። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ብዙም እንዳልወጣን ታያላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የኪንግ ሲቲው ድልድይ

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳሊናስ ሸለቆ ነው። ኪንግ ሲቲ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በሳሊናስ ወንዝ ላይ ከ1919 እስከ 1920 ድልድይ ተሠራ። ብዙ ሳይቆይ ኮንክሪቱ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ስንጥቁ ጭነት የበዛበት ቢም ላይ እንደምናየው አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚሄድ አልነበረም። ዝናብ የራቀው የዋልካ መሬት እንደሚሰነጣጠቀው በየአቅጣጫው የተበተነ፣ ካርታ የመሰለ ስንጥቅ ነበር።

በ1930ዎቹ በዚያው አካባቢ ሌሎች ድልድዮች፣ የኮንክሪት መንገዶችና የባሕር ዳር ግንቦችም ተመሳሳይ ምልክት አሳዩ። መንገዱ ላይ ኮንክሪቱ ሲለጠጥ መተንፈሻ እንዲሆኑ የተተዉት ክፍተቶች ተዘጉ። ኮንክሪት ሲደርቅ ትንሽ እንደሚኮማተር ማንም መሐንዲስ ያውቃል። ይህኛው ግን እያደገ ነበር።

በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ነገር የተዘጋጁ መልሶች ነበሩ። ውርጭ ነው ይባላል፤ ሸለቆው ግን ለዘብ ያለ አየር ያለው ነው። አደራረቁ ነው ይባላል፤ የደረቀ ነገር ግን አይረዝምም። አሠራሩ ነው ይባላል፤ ይህ መልስ ደግሞ ለሁሉም ይመቻል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ሁልጊዜ ከታች ባለው ሰው ላይ ያርፋል።

ቶማስ ስታንተን የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የቁሳቁስና የምርምር መሐንዲስ ነበር። ዝነኛ ፕሮፌሰር ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ጉዳይ ያዘና የተዘጋጁትን መልሶች ወደ ጎን አደረገ። ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ከተለያዩ ሲሚንቶዎችና ከተለያዩ አሸዋዎች ትንንሽ የሞርታር ዘንጎች ሠራ፤ እርጥበታቸው እንዳይጠፋ በታሸገ ዕቃ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ ርዝመታቸውን ለካ። ጠበቀ፤ እንደገና ለካ። ወራት አለፉ፤ እንደገና ለካ።

ውጤቱ ይህ ነበር። አንዳንዶቹ ዘንጎች ረዘሙ፤ ሌሎቹ አልረዘሙም። በረዘሙት ውስጥ የነበረውን ሲሚንቶ ከሌላ ዓይነት ጠጠር ጋር ሲያቦካው ምንም አልሆነም። በረዘሙት ውስጥ የነበረውን ጠጠር ከሌላ ዓይነት ሲሚንቶ ጋር ሲያቦካውም ምንም አልሆነም። ሲሚንቶው ብቻውን ንጹሕ ነው፤ ድንጋዩም ብቻውን ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ያለው በመገናኘታቸው ላይ ነው።

ስታንተን ይህን በታኅሣሥ 1940 በአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መድረክ አሳተመ። የኮንክሪት ዓለም ያላወቀውን በሽታ ያወቀው ያኔ ነው።

2. ውስጡ ምን ይፈጠራል?

ለኬሚስትሪ ፍርሃት ላለባችሁ አጭር ላድርገው።

ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር ነው። ከእነዚህ ጋር ጥቂት ሶዲየምና ፖታሲየም አብሮ ይገባል፤ አልካሊ የምንላቸው እነዚህን ነው። ኮንክሪት ከጠነከረ በኋላም ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ ይቀራል። አልካሊዎቹ በዚያ ውሃ ይሟሙና እጅግ የሚያቃጥል ፈሳሽ ያደርጉታል። ይህ ፈሳሽ ጠላት አይደለም፤ በአርማታው ውስጥ ያለውን ብረት ከዝገት የሚጠብቀው እሱው ነው።

በሌላ በኩል ድንጋዩ አለ። የብዙ ድንጋዮች ዋና አካል ሲሊካ ነው። ሲሊካ ግን ሁሉ አንድ አይደለም። በኳርትዝ ውስጥ በሥርዓት ስለተደረደረ በቀላሉ አይነካም። በኦፓል ውስጥ ግን ሥርዓት የለውም፤ ልቅ ነው፤ ውሃም ይዟል። አዎን፣ ኦፓል! በ2008 ገደማ በወሎ፣ በደላንታ ተገኝቶ የዓለምን የጌጥ ገበያ ያስደነቀው ኦፓል የዚሁ ነገር ዘመድ ነው። በአንገት ላይ ሲንጠለጠል ዕንቁ ነው፤ በኮንክሪት ውስጥ ሲገባ ግን ከሁሉ የከፋ ድንጋይ። የሳሊናስ ሸለቆ ጠጠርም ኦፓል ያለበት ነበር። ባልጩትና ሌሎች የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ያለባቸው ድንጋዮችም ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ።

አልካሊው ፈሳሽ ይህን ልቅ ሲሊካ ያሟሟዋል። ከሁለቱ ጄል፣ ማለትም ዝልግልግ ነገር ይፈጠራል። ጄሉ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቦታ ሲያጣ ይገፋል። ኮንክሪት ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ሲለጥጡት ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ተጨማሪ ውሃ ይገባል፤ ጄሉም ተጨማሪ ይጠጣል።

ሦስት ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው፦ በቂ አልካሊ፣ ልቅ ሲሊካና እርጥበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በሽታው አይነሣም። ሦስቱም ከተሟሉና አንዴ ከጀመረ ግን የሚያቆመው እርግጠኛ መድኃኒት የለም። ማዘግየት፣ ማድረቅ፣ መቁረጥና መጠበቅ ይቻላል። ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም።

3. መድኃኒቱ ከበሽታው ጎን ተገኘ

የስታንተን ጽሑፍ በወጣበት ዓመት ሌላ መጥፎ ወሬ መጣ። በካሊፎርኒያና በአሪዞና ድንበር፣ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የተሠራው የፓርከር ግድብ ገና በ1938 ተጠናቆ በ1940 መሰነጣጠቁ ታወቀ። እዚህ ያሉት ድንጋዮች የሳሊናስ ዓይነት አልነበሩም፤ አንዴሳይትና ራዮላይት የሚባሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ነበሩባቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሸለቆ መጥፎ ዕድል አለመሆኑ ግልጽ ሆነ። በአይዳሆ ግዛት በ1927 የተሠራው የአሜሪካን ፎልስ ግድብም በዚሁ በሽታ አርጅቶ በ1978 በአዲስ ግድብ ተተክቷል። ግድብን ያህል ነገር ሃምሳ ዓመት ብቻ ኖሮ ጡረታ ወጣ ማለት ነው።

ስታንተን በሽታውን ብቻ ነግሮ አልተወም፤ ሁለት መውጫ አሳየ።

አንደኛው በሲሚንቶው በኩል ነው። አልካሊው ከሲሚንቶው ክብደት ከመቶ 0.6 በታች ከሆነ በሙከራዎቹ ላይ ማበጡ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። በእኛ ስሌት ካየነው በ50 ኪሎው ከረጢት ውስጥ 300 ግራም መሆኑ ነው። ይህች ቁጥር ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ደረጃዎች ውስጥ ገብታ ኖራለች።

ሁለተኛው መውጫ የሚገርመው ነው። ከሲሚንቶው ጋር በደንብ የተፈጨ የእሳተ ገሞራ አመድ ሲቀላቀል ማበጡ ቀነሰ። ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ከፖትሱዎሊ አካባቢ እያወጡ ከኖራ ጋር ያቦኩት የነበረው ዓይነት አመድ ነው፤ ፖዞላና የሚለው ስም የመጣውም ከዚያች ከተማ ነው። ምክንያቱን ልብ በሉ። አመዱም እኮ ልቅ ሲሊካ ነው! በሽታውን ከሚያመጣው ነገር ጋር አንድ ዘር ነው። ልዩነቱ መጠኑ ነው። በጠጠር መልክ ሲገባ ዘግይቶ፣ አንድ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ያብጣል። እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ሲገባ ግን ኮንክሪቱ ገና ሳይገረጅፍ በየቦታው ተበትኖ አልካሊውን አስቀድሞ ይይዘዋል። «ሳይደግስ አይጣላም» ማለት ይህ ነው።

አሜሪካኖቹ ይህን ትምህርት በግድቦቻቸው ላይ አዋሉት። በሞንታና ግዛት በ1953 የተጠናቀቀው የሃንግሪ ሆርስ ግድብ ከከሰል ማመንጫዎች ጭስ የሚሰበሰበውን አመድ በኮንክሪቱ ውስጥ የተጠቀመ ቀዳሚ ግድብ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ የሚል ነበር። ችግሩ ታየ፤ ምክንያቱ ታወቀ፤ መፍትሔው ተገኘ። ግን አላበቃም።

4. «የእኛ ድንጋይ ንጹሕ ነው»

ከካሊፎርኒያ ወደ ብሪታንያ እንሻገር። በ1950ዎቹ የብሪታንያ የሕንጻ ምርምር ጣቢያ የአገሩን አሸዋና ጠጠር መረመረና በተለመደው አጠቃቀም የሚያሠጋ አይደለም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ምርመራው የይስሙላ አልነበረም፤ በዘመኑ በነበረው ሲሚንቶና በነበረው መመርመሪያ በቅን ልብ የተሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን «አላገኘንም» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «የለም» ወደሚል ተለወጠ። የአሜሪካኖች ችግር ነው ተባለና ተዘጋ።

በ1971 በጀርሲ ደሴት ላይ ያለው የቫል ደ ላ ማር ግድብ በዚሁ በሽታ መያዙ ታወቀ። ግድቡ ከተጠናቀቀ ገና አሥር ዓመት ገደማ ነበር። ጀርሲ ደሴት ናት፣ ድንጋዩም ሌላ ነው ተባለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በራሷ በእንግሊዝ፣ በደቡብ ምዕራቧ ፕሊመዝ ከተማ በመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በየድልድዩ መፈለግ ተጀመረ፤ ሲፈለግም ተገኘ። ጋዜጦቹ «የኮንክሪት ካንሰር» የሚል ስም አወጡለት።

ለምን በ1970ዎቹ? አንዱ መልስ ከድንጋዩ ሳይሆን ከፋብሪካው ይመጣል። በነዳጅ መወደድ ምክንያት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ነዳጅ ከሚበላው የእርጥብ አሠራር ወደ ደረቁ አሠራር ተሸጋገሩ። አየር እንዳይበክል ተብሎም ቀድሞ በጭስ ማውጫው ይወጣ የነበረው የእቶን አቧራ እየተሰበሰበ ተመልሶ ወደ እቶኑ ይገባ ጀመር። ሁለቱም መልካም ውሳኔዎች ናቸው። አልካሊው ግን ይወጣ የነበረው ከዚያ አቧራ ጋር ነበር። መውጫው ሲዘጋበት በሲሚንቶው ውስጥ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ነዳጅ ቆጣቢው አየር ጠባቂው ሲሚንቶ በአልካሊ የበለጸገ ሆነ።

እዚህ ላይ ማንን እንከሰስ? ድንጋዩ የድሮው ነው። ፋብሪካው ሕግ አክብሯል። ተመራማሪው የጻፈው በጊዜው ልክ ነበር። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲሚንቶው ሲለወጥ ስለ ድንጋዩ የተሰጠው የድሮ ምስክርነት እንደገና አልተጠየቀም።

5. ፈተናውን ያለፈው ድንጋይ

ወደ ካናዳ ልውሰዳችሁ፤ የዚህ ታሪክ በጣም አሳዛኙ ክፍል ያለው እዚያ ነውና።

በ1957 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባልደረባ የነበረው ስዌንሰን በኦንታሪዮ ግዛት፣ በኪንግስተን ከተማ አካባቢ ስለተሰነጣጠቀ ኮንክሪት ጻፈ። ነገሩን አስጊ ያደረገው የድንጋዩ ዓይነት ነበር፤ ሲሊካ ያለበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሳይሆን ዶሎማይት ያለበት የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በአሜሪካ የወጡትን መመርመሪያዎች ሁሉ አልፎ ነበር። መመርመሪያው የሚፈልገው አንድ ዓይነት ሌባ ነው፤ ሌላ ዓይነት ሌባ በፊቱ ሰላም ብሎ ያልፋል።

በ1960ዎቹ በዚያችው ካናዳ፣ በኒው ብራንስዊክ ግዛት፣ በሴንት ጆን ወንዝ ላይ የማክታኳክ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ሸለቆውን በውሃ ሞላው። ቤተሰቦች ከርስታቸው ተነሡ፤ ሊሰጥሙ ከነበሩት ታሪካዊ ቤቶች አንዳንዶቹ ተነቅለው ኪንግስ ላንዲንግ በሚባል የታሪክ መንደር ተተከሉ። መንግሥት ለሕዝቡ የገባው ቃል ሥራና መብራት ነበር፤ ግድቡም በ1968 ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ታቅዶ የነበረው ለመቶ ዓመት፣ እስከ 2068 ነው።

ለኮንክሪቱ የዋለው ጠጠር ግሬይዋክ የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ እንደ ሳሊናሱ ኦፓል በሁለት በሦስት ዓመት አያብጥም። ቀስ ይላል። ለወራት ብቻ ዘንግ እየለኩ የሚጠብቁ የዘመኑ መመርመሪያዎች እንዲህ ያለውን ዘገምተኛ ለማጋለጥ የተሠሩ አልነበሩም። በ1980ዎቹ ግን የኃይል ማመንጫውና የውሃ ማፍሰሻው ኮንክሪት እያደገ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ከአፈርና ከድንጋይ የተከመረው የግድቡ ዋና አካል ደህና ነው፤ ያበጠው ኮንክሪቱ ነው።

ምን ተደረገ? መጋዝ መጣ! አልማዝ በተሰካበት ሽቦ ኮንክሪቱን ከላይ ወደ ታች እየቆረጡ ክፍተት ፈጠሩለት፤ ካልተነፈሰ ተርባይኖቹን ሊያጣብቅ፣ መዝጊያዎቹን ሊያጣምም ነውና። ኮንክሪቱ ያድግና ክፍተቱን ይሞላዋል፤ እንደገና ይቆረጣል። በፈረንሳይ አልፕስ ያለው የሻምቦን ግድብም በ1990ዎቹ በተመሳሳይ መጋዝ ተቆርጧል። ሆኖም መቁረጡ ለማክታኳክ ዘላቂ መልስ አልሆነም፤ ዋና ጥገና ካልተደረገለት ዕድሜው በ2030 ገደማ እንደሚያበቃ ታወቀ። ከታቀደው አርባ ዓመት ገደማ ተቀነሰ ማለት ነው። የግዛቱ የመብራት ኩባንያ በ2016 ግድቡን ከማፍረስም አዲስ ከመሥራትም ይልቅ እየጠገኑ እስከ 2068 ማድረስን መረጠ። ከርስታቸው የተነሡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አንድን ግድብ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ፤ አንድ ጊዜ በመሬት፣ አንድ ጊዜ በመብራት ሒሳብ።

ይህ የድሮ ሰዎች ስሕተት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ያለው የሲብሩክ የኑክሌር ማመንጫ ጠጠር በግንባታው ጊዜ ተመርምሮ ደረጃውን አልፏል። በ2009 ግን የከርሰ ምድር ውሃ በነካቸው ግድግዳዎች ላይ በሽታው ተገኘ። በኋላ የአገሪቱ የኑክሌር ተቆጣጣሪ እንዳስረዳው በዚያን ጊዜ የነበሩት መመርመሪያዎች ዘገምተኛ ድንጋይን የመለየት አቅማቸው ውስን ነበር። ማመንጫው በ2019 ፈቃዱ ታድሶለታል፤ ግን ስንጥቁን እየለካ እንዲኖር ግዴታ ተጥሎበት ነው።

6. ፕሪቶሪያና ሬይክያቪክ

እስካሁን የጥፋት ወሬ አበዛሁ። ሁለት የመፍትሔ ታሪኮች ልንገራችሁ፤ ሁለቱም ከተለመዱት ኃያላን መንደር ውጭ ናቸው።

የመጀመሪያው ከአህጉራችን ነው። በ1970ዎቹ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ አካባቢ ብዙ ግንባታዎች መሰነጣጠቃቸው ታየ። በፕሪቶሪያ የብሔራዊ የሕንጻ ምርምር ተቋም ሰዎች ዘገምተኛውን ድንጋይ እንዴት ቶሎ እናጋልጠው ብለው ተነሡ። ኦበርሆልስተርና ዴቪስ በ1986 ያወጡት ዘዴ ቀላል ነው፦ የሞርታሩን ዘንግ በ80 ዲግሪ ሙቀት በአልካሊ መፍትሔ ውስጥ ለ14 ቀናት መንከር። ዓመታት የሚፈጀው ነገር በሁለት ሳምንት ራሱን ያሳያል። ይህ ዘዴ በ1994 የአሜሪካ ደረጃ ሆነ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። እንከን የለሽ አይደለም፤ ደህናውን ድንጋይ የሚኮንንበት፣ አልፎ አልፎም መጥፎውን የሚያሳልፍበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ትልልቅ ግንባታዎች ከሱ በተጨማሪ አንድ ዓመት የሚፈጀውን፣ የኮንክሪት ዘንግ የሚለካበትን ፈተና የሚያክሉት።

ሁለተኛው ከአይስላንድ ነው። አገሪቱ እንደ እኛ ስምጥ ሸለቆ መሬት በሚለያይበት ቦታ ላይ ያለች የእሳተ ገሞራ ምድር ናት። የነበራት አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ ሲሚንቶውም አልካሊ የበዛበት ነበር። ጠጠሩና አሸዋው ከባሕር የሚወጣ፣ ጨው ያለበት ነበር። ለግድቦችና ለወደቦች አስቀድሞ ጥንቃቄ ይደረግ ነበር፤ መኖሪያ ቤቶች ግን ያን ያህል አይረጥቡም ተብለው ተተዉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሬይክያቪክ የተሰነጠቁት እነዚያ ተራ ቤቶች ናቸው። ለትልቁ ነገር የተጠነቀቀ መንግሥት የዜጋውን ግድግዳ ረስቶት ነበር።

ሲያውቁት ግን አልተከራከሩም። ፌሮሲሊኮን የሚያመርት ፋብሪካ ከሲሚንቶው ፋብሪካ ብዙም ሳይርቅ ሊከፈት ነበር። ከጭሱ የሚሰበሰበው እጅግ ደቃቅ ዱቄት ንጹሕ ልቅ ሲሊካ ነው። ከ1979 ጀምሮ ያን ዱቄት ከአገሪቱ ሲሚንቶ ጋር መቀላቀል ተጀመረ። የባሕሩ ጠጠር እንዲታጠብም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች ላይ በሽታው እንደ በፊቱ አልታየም። የአንዱ ፋብሪካ ቆሻሻ የሌላው መድኃኒት ሆነ።

7. እኛስ?

እዚህ ላይ እንድትጠነቀቁልኝ እፈልጋለሁ። «ስለዚህ እንትን ግድብ ተሰነጠቀ» የሚል ወሬ ከዚህ ጽሑፍ ቆርጦ የሚያሰራጭ ሰው ካለ ዋሽቷል። እንዲህ አላልኩም። የምለው ይህን ነው፦ የስምጥ ሸለቆው ምድር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባልጩትና ፑሚስ የሞላበት ነው። በዚህ ዓይነት ምድር የሚገነባ አገር ስለ ድንጋዩ መጠየቅ ግዴታው ነው። ስብር ጠጠር ስለጠነከረ ብቻ ደህና አይደለም፤ ጥንካሬና ጠባይ ሁለት ነገሮች ናቸው።

ድግሱም በእጃችን አለ። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ኦፒሲና ፒፒሲ የሚሉትን ስሞች ያውቃል። ለኮለንና ለስላብ ኦፒሲ፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ ይባላል። ፒፒሲ ውስጥ ያለው ፑሚስ በብዙ ሰው ዘንድ ሲሚንቶውን ለማብዛት እንደተጨመረ ማሟያ ይታያል፤ ቡና ላይ ገብስ እንደመጨመር። ፒፒሲ ቶሎ አለመጠንከሩ እውነት ነው፤ የኦፒሲ ምርጫም የራሱ ምክንያት አለው። ሆኖም ያ ፑሚስ ስታንተን በ1940 መድኃኒት ሆኖ ካገኘው ነገር ጋር ወንድም ነው። በየትኛው መጠን፣ ከየትኛው ድንጋይ ጋር የሚለው በሙከራ እንጂ በይሆናል የሚመለስ አይደለም። ግን ጥያቄው «የቱ ይጠነክራል?» ብቻ መሆን የለበትም። «ይህ ሲሚንቶ ከዚህ ድንጋይ ጋር፣ በዚህ እርጥበት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ምን ይሆናል?» የሚለው አብሮ ይጠየቅ።

ይህ ታሪክ ለእኔ ከኮንክሪት በላይ ነው። ቁጥጥራችን ሁሉ የተሠራው ነገሮችን አንድ በአንድ ለመመርመር ነው። የሲሚንቶው ሰርተፊኬት በአንድ ፋይል፣ የጠጠሩ በሌላ ፋይል፣ የውሃው በሦስተኛ ፋይል። እያንዳንዱ ማኅተም አለበት። ሦስቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ፋይል ግን የለም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት «በእኔ በኩል ችግር የለም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ብዙ ጥፋቶቻችን ሌባ ተፈልጎ የሚጠፋባቸው ለዚህ ይመስለኛል። አንዳንዴ ሌባ የለም፤ ያለው መገናኛውን የሚጠብቅ ሰው መጥፋት ነው።

ሌላው ጊዜ ነው። ይህ በሽታ ሪባን ሲቆረጥ አይታይም። የፈረመው ሚኒስትር፣ ያስረከበው ተቋራጭ፣ የተረከበው መሐንዲስ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ይመጣል። ያኔ የሚቀረው ሰነድ ብቻ ነው። ጠጠሩ ከየትኛው ካባ መጣ? ሲሚንቶው የየትኛው ወር ምርት ነው? ናሙናው የት ተቀመጠ? ይህን የሚመልስ መዝገብ ያለው አገር በሽታውን አውቆ ያክማል። መዝገብ የሌለው አገር «ማን በላው?» እያለ ይኖራል።

ስታንተን ያደረገውን ደግሜ ላስታውሳችሁ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የተዘጋጀ መልስ አልቀበልም ብሎ ትንንሽ ዘንጎች ሠራ፤ ለካ፤ ጠበቀ፤ እንደገና ለካ። አለቆቹም እንዲጠብቅ ፈቀዱለት። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ድልድዮች መታመማቸውን ደብቆ ሳይሆን አሳትሞ ለዓለም ነገረ። በዚያ ጽሑፍ የተነሣ ስንት ግድብ፣ ስንት ቤት እንደዳነ የሚቆጥር የለም። የተሰነጠቀ ይቆጠራል እንጂ ያልተሰነጠቀ አይቆጠርም።

በቀጣዩ ጊዜ አንድ ግንባታ «ሁሉንም ፈተና አልፏል» ሲባል ከሰማችሁ ሁለት ጥያቄ አስቀምጡ፦ ፈተናው የሚፈልገው ምን ነበር? ለስንት ጊዜስ ጠበቀ?

ቸር ያገናኘን!